ተሳቢው ሲታጠፍ ለምን ይጮኻል? ስለ ካራቫንና ቀላል ተሳቢ ስታብላይዘር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካራቫን፣ የውሃ ታንከር ወይም የዕቃ ተሳቢ በፒክአፕ እየጎተቱ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የሚመላለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ስታብላይዘር ስትሉ የትኛውን ነው?

ቤት ውስጥ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የምንሰካውን ሳጥን አይደለም፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን ዘንግም አይደለም። ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ የሚይዘውን ዕቃ ነው። ከመኪናው ኋላ የብረት ኳስ አለ፤ የተሳቢው አፍ ይህን ኳስ ይጎርሰዋል። ተራው አፍ ኳሱን ጎርሶ እንደ ልቡ ይዞራል። ስታብላይዘር ያለው አፍ ግን በውስጡ የፍሬን ሸራ የመሰሉ ጠንካራ ቁርጥራጮች አሉት። እጀታው ወደ ታች ሲጫን ሸራዎቹ ኳሱን ጨምቀው ይይዙታል። ተሳቢው ሊወዛወዝ ሲል ፍትጊያው ያግደዋል።

ከአውሮፓ በመጡ ካራቫኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩት የጀርመን ሥሪቶቹ አል-ኮ እና ዊንተርሆፍ ናቸው። ሌላም ዓይነት አለ፦ ከኳሱ ጎን ለብቻው የሚገጠም፣ በዘንግ የሚሠራ። የሁለቱ አያያዝ ስለሚለያይ ስለ ባለ ዘንጉ ወደ ታች ለብቻው መልሻለሁ።

ሲታጠፍ "ሲጢጥ" ይላል። ሊሰበር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሸራ ብረትን ጨምቆ ሲፋተግ ድምፅ ማውጣቱ የሥራው ጠባይ ነው። በተለይ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ስትዞሩ፣ ከግቢ ስትወጡ፣ በጠባብ ቦታ ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ ጎልቶ ይሰማል፤ ምክንያቱም ያኔ ኳሱ በአፉ ውስጥ ብዙ ይዞራል፣ የሞተሩም ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ድምፁ ከጠፋና ተሳቢው ረግቶ ከሄደ አትጨነቁ።

የሚያሳስበው ድምፁ ሲለወጥ ነው። ትናንት ቀጭን ሲጢጥታ የነበረው ዛሬ እንደ በሬ የሚያጓራ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ውስጥ እግራችሁ ድረስ የሚነዝር ከሆነ፣ ወይም ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የምታውቁት ድምፅ ከሆነ ቆማችሁ እዩት።

ድምፁ ከስታብላይዘሩ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

ሰፊና ሜዳ ቦታ ፈልጉ። አንድ ሰው ውጭ ራቅ ብሎ ይቁምና ያዳምጥ፤ እናንተ በሰው እርምጃ ፍጥነት አንድ ዙር ዙሩ። ከዚያ የስታብላይዘሩን እጀታ ብቻ አላቁና ያንኑ ዙር ድገሙት። አል-ኮ ላይ ሁለት እጀታ ስላለ አፉን የሚከፍተውን ሳይሆን ሸራውን የሚያስጨንቀውን ነው የምታነሱት። ዊንተርሆፍ ላይ ግን አንዱ እጀታ ሁለቱንም ስለሚሠራ ወደ መሐለኛው ቦታ ብቻ አንሱት። ድምፁ ከጠፋ የሸራውና የኳሱ ጉዳይ ነው። ካልጠፋ ስታብላይዘሩን ተዉትና ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሌላው ቦታ ብዙ ነው። ኳሱ የታሰረበት ቡሎን ላልቶ ይሆናል፤ የመጠባበቂያው ሰንሰለት ብረት እየመታ ይሆናል፤ የፊቷ ትንሽ ጎማ በደንብ ሳትነሳ ቀርታ ይሆናል፤ የባሌስትራው ጎሚኒ አልቆ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስታብላይዘር ስጠረጥር ሄጄ የተገኘው የላላ የታርጋ ብረት ነበር። ስለዚህ ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ይህን የሁለት ዙር ሙከራ አትዝለሉት። ሰው ግን መኪናውና ተሳቢው መሐል ገብቶ አያዳምጥ።

ግሪስ ልቀባው?

አትቀቡት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ።

እኛ አገር የሚጮኽ ብረት ሁሉ መድኃኒቱ ግሪስ ነው። ማጠፊያ ጮኸ፣ ግሪስ፤ ባሌስትራ ጮኸ፣ ግሪስ። ተሳቢያችሁ ቡሬ ላይ ሻይ ስትጠጡ ቢጮኽ ሦስት ሰው ለመርዳት ይመጣል፤ ሦስቱም በቅን ልብ የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ነው። እኔም የመጀመሪያ ካራቫኔን ስጎትት አንድ ጋራዥ ውስጥ ያለ ልጅ "አያ፣ ይሄ እኮ ደርቋል" ብሎ ሳልከለክለው ኳሱን ለቀለቀልኝ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ አመስግኜው ሄድኩ። የዚያን ዕለት ከሰዓት እንጅባራ ሳልደርስ አንድ አውቶቡስ በፍጥነት ሲያልፈኝ ነፋሱ ካራቫኑን ገፋው፤ ጅራቱ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ስታብላይዘሩ እንደሌለ ሆኖ ነበር። ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ ዕቃ የሚሠራው በፍትጊያ ነው። የፍሬን ሸራ ሲጢጥ አለ ብሎ ሸራው ላይ ግሪስ የሚቀባ መካኒክ የለም፤ ድምፁ ይጠፋል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እዚህም እንዲያው ነው። እጀታውን ስታላቁትና ያለ ስታብላይዘር ስትጎትቱ እንኳ ሸራው እዚያው አፉ ውስጥ ስላለ ኳሱ ግሪስ አይነካውም።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን ግሪስ ይቀባሉ። እነሱ ተሳስተዋል?

አልተሳሳቱም፤ የእነሱ ዕቃ ሌላ ነው። የከፊል ተሳቢው ፊት የሚያርፍበት ራላ ብዙ ቶን ተሸክሞ በነፃነት መዞር አለበት። ከደረቀ መሪ ያከብዳል፤ ብረቱም ይበላል። ስለዚህ ግሪስ የግድ ነው። ስታብላይዘር የሌለው ተራ የኳስ አፍም ትንሽ ግሪስ ይፈልጋል። ግሪስ የማይነካው ሸራ ያለው አፍ ብቻ ነው። ተሳቢ ተውሳችሁ ወይም ተከራይታችሁ ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት አፉን ከሥር በባትሪ አብርታችሁ እዩ፤ ሸራ ካለበት ኳሳችሁን አጽድታችሁ ግጠሙ። ዛሬ ተራ ተሳቢ ነገ ካራቫን በአንድ ኳስ የምትጎትቱ ሰዎች በየጊዜው ማጽዳት አለባችሁ።

ግሪስ ቀብቼዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ኳሱ ይድናል፤ ሸራው ላይድን ይችላል። ኳሱን በጨርቅ ጠርጋችሁ በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ እጠቡት፤ ነጭ ጨርቅ ስታሹበት ምንም እስከማይወጣ ድረስ። የአፉን ውስጥም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሸራው ላይ ግሪሱ ላዩን ብቻ ከነካው ላዩን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁት ይመለሳል። ወደ ውስጥ ከጠጣው ግን እየሞቀ መልሶ ያወጣዋል፤ ያኔ መቀየር ነው። ናፍጣና ኬሮሲን አትጠቀሙ። ግሪሱን ያነሳሉ፣ እነሱ ግን ቅባት ትተው ይሄዳሉ።

ንጽሕናውን በምን ያህል ጊዜ፣ እንዴት?

በበጋ በጠጠር መንገድ ከሄዳችሁ ከየጉዞው በኋላ እዩት፤ በአስፋልት ብቻ ከሆነ ወር ሁለት ወር ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀቱ 200 ወይም 240 ቁጥር ይሁን። ከዚያ የሻከረው ኳሱን ይቧጭራል፤ የተቧጨረ ኳስ ደግሞ ሸራ ይበላል። ኳሱን ዙሪያውን እኩል ፍቁት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትቆዩ። ሸራው ላይ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ገጽ ካያችሁ ድምፁን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ብርሃኑ እስኪጠፋ ቀስ ብላችሁ ፍቁት። ሲጨርሱ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ እንጂ በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ የሸራ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ኳሱን አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። ለምን?

አዲስ ኳስ ብዙ ጊዜ ጥቁር ቀለም ወይም ሌላ መከላከያ ልባስ አለው። ሸራው ቀለሙን እየላጠ ይጎርሰዋል፤ የተላጠው ቀለም ሸራው ላይ ተጋግሮ ይጮኻል። ከመግጠማችሁ በፊት ቀለሙን እስከ ባዶው ብረት ድረስ ፍቁት። ቀድማችሁ ከገጠማችሁ ኳሱንም ሸራውንም አጽዱ። አንዱን ብቻ ካጸዳችሁ ቆሻሻው ከሌላው ይመለሳል።

በክረምት ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ ቀን ላይ ይተዋል።

ዝገት ነው። ቀለም የሌለው ብረት አንድ ሌሊት ዝናብ ካደረበት ጠዋት ላይ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ክረምቱን የሚያሳልፍ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎሜትሮች ዝገቱን ይፍቁታል፤ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ግን የተፋቀው ዝገት የሚሄድበት ስለሌለው ሸራው ውስጥ ይቀራል። መኪናውን ስታሳድሩ ኳሱን በፕላስቲክ ቆብ ሸፍኑት፤ ከሌለ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በደንብ የታሰረ ፌስታል ይበቃል። የተሳቢው አፍም ዝናብ እንዳይገባበት የዝናብ ልብስ ጣሉበት።

የዋልካ ጭቃ ሌላ ነው። በሞጣና በብቸና በኩል ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ገጠር የገባችሁ እንደሆነ ጭቃው አፉ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሆናል። አፉን ከኳሱ ሳታላቅቁ ረጅም መንገድ አትጀምሩ፤ በውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ግጠሙ።

የኳሱ መጠን ድምፅ ያመጣል?

በጣም። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊሜትር ነው። የአሜሪካው "ሁለት ኢንች" የሚባለው 50.8 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 47.6 የሆነም አለ። በዓይን አይለዩም። ለ50 የተሠራ አፍ 50.8ን ሲጎርስ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ለ50.8 የተሠራ አፍ 50ን ሲጎርስ ይላላል፣ ይንኳኳል። በ47.6 ላይ ማሰር ደግሞ ተሳቢውን መንገድ ላይ ለመጣል መዘጋጀት ነው። ኳሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከጠፋ በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ፣ ለኩ። ልኬታችሁ ከፊት ወደ ኋላም ከጎን ወደ ጎንም ይሁን፤ ኳስ ሲያልቅ እኩል አያልቅምና። 50 የነበረው በየትኛውም በኩል 49 ከደረሰ ጊዜው አልፏል።

የኳሱ አንገትም አለ። ስታብላይዘር ያለው አፍ ከተራው ስለሚገዝፍ አንገቱ አጭር የሆነ ኳስ አይመቸውም። አል-ኮ ለራሱ ዕቃ ከኳሱ መሐል እስከ ቀጣዩ ብረት 60 ሚሊሜትር ነፃ ቦታ ይጠይቃል። ይህ ከሌለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስታልፉ ወይም ቦይ ስትሻገሩ አፉ የመጎተቻውን ብረት ይመታል። "ኳ" የሚል ድምፅ በጉብታ ላይ ብቻ ከሰማችሁ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ፈልጉ፤ መልሱ እዚያ ነው።

የኔው በዘንግ የሚሠራው ነው። ወደ ኋላ ስሄድ በኃይል ይጮኻል።

ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት አውልቁት። ባለ ዘንጉ ስታብላይዘር ተሳቢው በጠባቡ ሲታጠፍ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ዘንጉ ይጎብጣል ወይም የታሰረበትን ብረት ይቀድዳል። ድምፁ ያንን ነው የሚነግራችሁ። ወደ ፊት ስትሄዱ በመታጠፊያ ላይ ማጓራቱ ግን የተለመደ ነው። እዚህም የፍትጊያው ክፍል ግሪስ አይቀባም።

ስነሳና ስቆም "ኳ" ይላል፤ ስታብላይዘሩን ባላቅቀውም ይላል።

ይህ የተሳቢው ፍሬን ነው። በብዙ ካራቫኖች ላይ ፍሬኑ የሚሠራው ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ ነው፤ መጎተቻው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባና የፍሬኑን ገመድ ይጎትታል። ዘንጉ ውስጥ ግፊቱን የሚያለዝብ ሞርተር አለ። እሱ ሲደክም ዘንጉ ያለ ለዛ ገብቶ ይወጣል፣ ይመታል። መኪናው ቆሞ ተሳቢውን በእጅ ፍሬኑ ያዙትና ዘንጉን ወደ ውስጥ ግፉት፦ ከብዶ ገብቶ በዝግታ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደ መሳቢያ ወለል ብሎ ከገባ አልቋል።

ግሪስ የሚገባው እዚህ ነው። ዘንጉ በሚንሸራተትበት ቱቦ ላይ የግሪስ ጡቶች አሉ፤ በግሪስ ፓምፕ ሙሏቸው። የተረፈውን ግን ወዲያው ጥረጉ፤ ከዚያ ወደ ኳሱ ለመውረድ አንድ ስንዝር ነው የሚቀረው።

የአባይን በረሃ ስወርድ ድምፁ ይለወጣል። ልቁም?

ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ መታጠፊያውም ተከታታይ ስለሆነ ስታብላይዘሩ ያለ ዕረፍት ይፋተጋል። ድምፁ ጎላ ቢል አይደንቅም። በዚህ መንገድ የምሰጋው ለስታብላይዘሩ ሳይሆን ለተሳቢው ፍሬን ነው። መኪናችሁን በሞተር ስትይዙት ተሳቢው ሁልጊዜ ይገፋችኋል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ከላይ እስከ ታች እንደተያዘ ይወርዳል፣ ይግላል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ መሐል ላይ ሆኖ መቀነስ ከባድ ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ወይም ከጎማው በኩል ፉጨት ከሰማችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙና ራሱ ይቀዝቅዝ። የጋለ ብረት ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል።

ተሳቢው ቁልቁለት ላይ መወዛወዝ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን በኃይል አትርገጡ፤ በፍጥነት አወጣዋለሁ ብላችሁም ነዳጅ አትስጡ።

ድምፁ ጠፍቷል፣ ተሳቢው ግን ይወዛወዛል። እንዴት ይሆናል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሁሉ አሳሳቢው ግን ይህ ነው። ሸራው አልቆ ኳሱን መጨመቅ ሲያቅተው ዝም ይላል። ብዙዎቹ ስታብላይዘሮች የሸራውን ማለቅ የሚያሳይ ምልክት አላቸው፤ እጀታውን ጫኑና ምልክቱ የት እንደሚቆም እዩ። እጀታው እንደ ድሮው ሳይከብድ ቀልሎ ከወረደም ያው ነው።

ሸራው ደህና ከሆነ ወደ ጭነቱ ሂዱ። ስታብላይዘር የተበላሸ አጫጫንን አያስተካክልም። ተሳቢው ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ 5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ይመከራል፤ 1,000 ኪሎ ለሚመዝን ከ50 እስከ 70 ኪሎ መሆኑ ነው። የመኪናችሁ መጎተቻ ከሚችለው ግን አይለፍ። በሰው ሚዛን መለካት ይቻላል፦ ተሳቢውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ አፉን በቁራጭ እንጨት ሚዛኑ ላይ አሳርፉት። ሁለት ኩንታል ጤፍ ኋላ በሩ ሥር ብትጥሉ 200 ኪሎ ጅራቱ ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው፤ አፉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተሳቢውም ይወዛወዛል። ከባዱን ከጎማው በላይ፣ ወለሉ ላይ አድርጉት።

መለዋወጫው የለም። የፍሬን ሸራ አስቆርጬ ልግጠም?

እጃቸው የተባረከ ባለሙያዎች ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእነሱን ችሎታ ጠርጥሬ አይደለም እምቢ የምለው። የስታብላይዘሩ ሸራ የኳሱን ክብ ይዞ የተሠራ ነው። ከጠፍጣፋ የተቆረጠ ሸራ ኳሱን በጠርዙ ብቻ ይነካዋል፤ ይቧጭረዋል፣ ጥንካሬውም ስለማይመጣጠን አንዱ ወገን ይይዛል ሌላው ይለቃል። የተበላሸው ኳስ ደግሞ በኋላ የሚመጣውን ትክክለኛ ሸራ ይበላዋል።

ሸራው እስኪመጣ ስታብላይዘሩን አላቃችሁ መጎተት ትችላላችሁ፤ አፉ ኳሱን መያዙን አይተውም። ያን ጊዜ ግን ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ጭነቱን አስተካክሉ፣ ነፋስ ባለበት ቀን የቀረበ ቦታ ብቻ ሂዱ። ስታዝዙ ስታብላይዘሩ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ አንዱ ሞዴል ላይ የሚገባው ሸራ ሌላው ላይ አይገባም፤ የፊትና ኋላው ከግራና ቀኙ የሚለይበትም አለ።